ቆላ አይታደርም

በእኛ ጊዜ ጉና ላይ በርበሬ የሚዘራ ሰው አልነበረም፤ ዛሬም የለም፣ ወደፊትም አይኖርም፣ ብርዱ አይፈቅድማ። በርበሬ የለ፣ ጥጥ የለ፣ ኑግ የለ፣ ጨው የለ። ያለን ገብስ ነው፣ ድንች ነው፣ በግ ነው፣ ተበጉ ጠጉር የሚሠራው ባና ነው፣ በቃ። ታዲያ ገብሱ ያለ ጨው ይበላል? ወጡ ያለ በርበሬ ወጥ ይሆናል? አይሆንም። እና መውረድ ነው። ታች ደግሞ ርብ ወንዝ ማዶ፣ ይፋግ ሜዳው ላይ፣ ሰዉ በርበሬው አለው፣ ሽንብራው አለው፣ ጨውም ተሰሜን በኩል እየተጫነ ይገባለታል፤ ግን ለጠላው ብቅል የሚሆን ገብስ እንኳ ተእኛ ነው የሚጠብቀው፣ በጉም ተእኛ ነው፣ ባናውም ተእኛ ነው። እና እሱም ዓይኑ ወደ ላይ ነው። እኛን ነጋዴ ያደረገን ሌላ አይደለም ልጆቼ፣ ተራራውና ሜዳው ናቸው። ተራራው ሁሉን ቢሰጠን ኖሮ ማን እግሩን ይሰብር ነበር?

ብርቱካን፣ ያንን ስልክሽን ትንሽ ራቅ አድርጊው፣ አፌ ውስጥ ልትከችው ነው እንዴ። እየቀዳሽ ነው? ቅጅው፣ ግድ የለም። ዓረብ አገር ሳለሽም «እማሆይ፣ ድምፅዎን ላኩልኝ» ትይ ነበር፣ እኔ ደግሞ ተስልክ ጋር ምን አወራለሁ እያልኩ እምቢ ስል። ግን እየቀዳሽ ስሚ። አንተም ዳኘው ተቀመጥ። የልጅ ልጄ ባል ነህ፣ እንግዳ አይደለህም፣ በር ላይ አትቁምብኝ። በቅሎዎቹ የትም አይሄዱም፣ ድርቆሽ ሰጥተሃቸዋል፣ ኮርቻቸውን አውርደሃል፣ ተቀመጥ። ነገ ሲነጋጋ ይፋግ እወርዳለሁ ብለሃል። ልክ ነህ፣ መኪናው ቆሟል፣ አስፋልቱ ተዘግቷል፣ ድልድዩም ያለው አስፋልቱ ላይ ነው። ደብረ ታቦር ሱቃችሁ ውስጥ ጨው አልቋል፣ ሰው እየመጣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይገባኛል። መውረዱን አልከለክልህም፣ እኔም ስወርድ ነው የኖርኩት። የእኔ ጉዳይ ተመመለሱ ላይ ነው። ቅድም በር ላይ ምን ነበር ያልከኝ? ድገመው እስቲ።

ዳኘው፦ «ሲመሽ እመለሳለሁ ነው ያልኩት እማሆይ። እናቴ ቆላ እንዳታድር ብላ አስምላኛለች።»

እሱን ነው የምለው። እሱን ብዬ ነው ያስቀመጥኩህ። እናትህ የጉና ሰው ናት፣ እናቷም አያቷም እንዲያ ሲሉ ኖረዋል፣ ቆላ አይታደርም። እኔም ይህንን ሳልሰማ ያደግኩበት ቀን የለም። ቆላ ትወርዳለህ፣ ትሸጣለህ፣ ትገዛለህ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳገቱን ትይዛለህ። ለምን ብትል ንዳድ አለ፣ እናንተ ወባ የምትሉት። ያኔ ንዳዱን የምታመጣው ትንኝ መሆኗን ማን ያውቃል፣ ለእኛ የሚመስለን ተመሬቱ እንደ እንፋሎት የሚወጣ፣ እንቅልፍህን ጠብቆ የሚገባብህ ነገር ነው። የተኛ ይያዛል፣ ያልተኛ ይተርፋል። እንዲህ ነበር የምናውቀው። ሙሉ በሙሉ ሐሰትም አይደል፣ ሰው ተኝቶ እየመጣ ሲሞት አይተናላ።

ታዲያ ተጉና ይፋግ ደርሶ በአንድ ቀን መመለስ አይቻልም፣ ሩቅ ነው፣ ጭነት አለ። እና እዚህ ይታደራል፣ ይህችው አሁን የተቀመጥንባት ቦታ ላይ፣ ዋርካው ሥር። ዛሬ ስታዩት ግማሹ የደረቀ ዛፍና የእኔ ቤት ነው ያለው፣ ምንም አይመስልም። ያኔ ግን ብታይው ብርቱካን! ተዚህ በታች ንዳድ ነው፣ ተዚህ በላይ ብርድ ነው። ደገኛው ወርዶ ወርዶ የመጨረሻ የሚተኛባት ቦታ ይህች ናት። ቆለኛውም ወጥቶ ወጥቶ ብርዱን ፈርቶ የሚቆምባት ይህችው ናት፣ እነሱም የራሳቸው አላቸዋ፣ ደጋ ያደረ ሰው ደረቱን ይይዘዋል ይላሉ። እና ሁለቱ እዚህ ተገናኙ። አንዱ ጠላ ጠመቀ፣ አንዷ ድርቆሽ ሸጠች፣ አንዱ ኮርቻ መስፋት ጀመረ፣ ሳይታወቅ ገበያ ሆነ። ማን መሠረተው ብትሉኝ ማንም። ያ ሐሙሲት የሚባለው እንኳ ሐሙስ ሐሙስ ሰው ሲገናኝበት ከተማ የሆነ ነው። የእኛይቱ ግን ስም ሳይወጣላት፣ ዋርካው እንደተባለች ቀረች።

እህ፣ የት ነበርኩ? አዎ፣ ንዳዱ ላይ። ባሌ ፈንቴ ይባላል፣ ያንቺ አያት ብርቱካን፣ እናትሽም አላየችው አንቺም አላየሽው። የፈንቴ አባት አንድ ጊዜ ይፋግ ገበያ ውሎ በቅሎው አነከሰችበትና እዚያው አደረ፣ አንዲት ሌሊት። ተመለሰ፣ ደህና ነበር፣ ይስቃል ይጫወታል። ኋላ መንቀጥቀጥ ጀመረው፣ አልተነሣም። አማቴ፣ የፈንቴ እናት፣ ታዲያ ተዚያ ወዲህ ልጃቸው ወደ ይፋግ በወረደ ቁጥር በር ላይ ይይዙትና «በል ማልልኝ» ይሉታል። «ቆላ ፀሐይ አትጠልቅብኝም በል።» እሱም ይምላል። «የአባትህን አጥንት ጠርተህ በል።» ይላል። ቁጡ ነበሩ አማቴ፣ እሳት ነበሩ፣ አንዲት ሴት ወይዘሮ ሆና ያን ያህል ስትቆጣ አይቼ አላውቅም። ግን ልጃቸውን በመውደዳቸው ነው። አንድ ልጅ ነው ያላቸው።

የዚያን ጊዜ ክረምቱ ሊወጣ ነው፣ መስከረም ሊጠባ ነው፣ ልክ እንደ አሁኑ። ቤት ውስጥ ጨው አልቋል፣ ለሰውም ለከብትም። አማቴ ፈንቴን በር ላይ ያዙት። «ያለ ጨው እንዳትመጣ!» አሉት። «እሺ።» «ቆላም እንዳታድር!» «እሺ እማማ።» ሁለቱንም ማለ። እኔም አብሬው ነኝ፣ እናትሽ ሆዴ ውስጥ ነበረች፣ ገና አልገፋም። ለምን ወረድሽ ትይኝ እንደሁ ባናውን የምሸጠው እኔ ነኛ። ፈንቴ መከራከር አይሆንለትም፣ ገዢው ዝቅ አድርጎ ሲጠራለት ያፍርና እሺ ይላል። እዚያው አጠገቡ ቆሜ «ኧረ ወዲያ! ይህን ባና በዚህ ዋጋ?» የምል ሰው ያስፈልገው ነበር። ይስቅብኝ ነበር በኋላ፣ መንገድ ላይ እያስመሰለኝ።

ተጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን ዋርካው ሥር አደርን፣ ሲነጋጋ ወረድን፣ ርብን ተሻገርን፣ ውኃው ተቁርጭምጭሚት ብዙም አያልፍም። ባናው ተሸጠ፣ ገብሱ ተሸጠ። ጨው ግን የለም። ነጋዴዎቹ ተሰሜን በኩል ገና አልገቡም። ይመጣሉ ይባላል፣ አይመጡም። ፀሐይዋ ዘነበለች። ጎረቤቶቻችን «በል ፈንቴ እንሂድ፣ ሳይመሽ» አሉት። «ጨው ሳልይዝ ምን ብዬ እገባለሁ?» አለ። «ለሚመጣው ሳምንት ይሁናላ!» «እናንተ እናቴን አታውቋትም?» አለ፣ ሣቁ፣ እሱም ሣቀ። እነሱ ሄዱ። እኛ ቀረን። እና ጨዉ ገባ፣ ገዛን፣ በጆንያ ሞልቶ በቅሎዋ ላይ ጫነና ጠፈረው፣ ተቻኮልን። ርብ ዳር ስንደርስ ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች፣ ግን አልጠለቀችም።

መሻገሪያው አጠገብ እትዬ ስንዱ የምትባል ሴት ነበረች፣ ቤቷ ተወንዙ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጠላ የምትሸጥ፣ ተኔ ትንሽ የምትበልጥ። አየችን ወጣች። «የጉና ሰዎች፣ የት ልትሄዱ ነው?» አለች። «ልንሻገር ነዋ።» «ኧረ ወዲያ ጉናን እዩት።» ዞር ብለን አየን። እኛ ያለንበት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አንዲት ደመና የለበትም፤ ጉና ግን ጠቁሯል፣ ጫፉ አይታይም።

ፈንቴ «ጉና አገሬ ነው፣ ዝናቡን አውቀዋለሁ» አላት። «አሁን ነው የጀመረው። ውኃው እዚህ እስኪደርስ እኔ ዋርካው እደርሳለሁ።»

«አንተ ዝናቡን ታውቀዋለህ» አለችው፣ «እኔ ደግሞ ወንዙን አውቀዋለሁ። ተእግርህ ሥር ያለውን ውኃ እየው፣ ደፍርሷል። ጠዋት ጠጠሩ ይታይህ አልነበረም? ቅጠል ይዟል። ደራሽ ውኃ ነው የሚመጣው። እደሩ። ቤት አለ፣ ቁርበት አለ፣ ለበቅሎዋም ድርቆሽ አለ። ገንዘብ አልጠይቃችሁም፣ እንግዳ ናችሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ እቴ፣ ግን አናድርም» አላት።

«ምን ይሆናል ብለህ ነው?»

ንዳዱን ፈርቼ ነው ለማለት አፈረ፣ እሷ እዚያው ተወልዳ እዚያው የምትኖር ሴት ናት፣ አገርሽ ይገድላል አይባልማ። ገባት። «እኔ እዚህ ስተኛ ነው የኖርኩት፣ ይኸው ቆሜያለሁ» አለችው። እኔም «ፈንቴ፣ እንደር» አልኩት። አልኩት፤ ሰምቶኛል። «አባቴም አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያደረው» አለኝ ቀስ ብሎ፣ እሷ እንዳትሰማ። «አንቺ ደግሞ ሁለት ነፍስ ነሽ። ንዳድ አስይዤሽ ልገባ ነው? እናቴስ ምን ትላለች?» ታዲያ ምን እላለሁ። ለእኔ ብሎ ነዋ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይቆጨኝም ነበር።

«በቅሎዋን ላሻግርና ለአንቺ እመለሳለሁ» አለኝ። «እጅሽን ይዤ አሻግርሻለሁ።» ሱሪውን ሰበሰበ፣ ገባ። ውኃው ጉልበቱ ጋ ነው። እትዬ ስንዱ ተጎኔ ቆማ ክንዴን ይዛኛለች፣ ልገባ የምፈልግ መስሏት ነው መሰለኝ። መሐሉ ላይ ደርሷል። በቅሎዋ ቆመች። ጆሮዋን አቆመችና ወደ ላይ፣ ወንዙ ወደሚመጣበት አየች፣ አልንቀሳቀስም አለች። እሱ ይጎትታታል። «ልቀቃት! ልቀቃትና ውጣ!» አለች እትዬ ስንዱ። አይሰማም፣ ድምፁ መጥቷላ። መጀመሪያ ድምፁ ነው የሚመጣው ልጆቼ። ተዚያ ውኃው በአንድ ላይ ነው የመጣው፣ ግንድ ይዞ፣ ድንጋይ እያንከባለለ፣ እንዲህ ደረት አክሎ። ጨዉ ደግሞ ከባድ ነው፣ የያዘው መጫኛ ደግሞ እጁ ላይ ተጠምጥሟል። አየሁት፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ፣ አፉ ተከፈተ፣ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ተዚያ ወዲያ ውኃ ብቻ ነው።

በቅሎዋ ታች ሄዳ በዚያኛው ዳር ወጣች። ጨዉ ሟሙቶ አልቆላታል፣ ቀልሏታል፣ ጆንያው ባዶውን ተጎኗ ተለጥፏል። ተራገፈች፣ ቆመች፣ ወደ ወንዙ እያየች ቆመች። እኔ በዚህ ዳር፣ እሷ በዚያ ዳር። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ገና አልጠለቀችም።

ቆይ ብርቱካን፣ አታልቅሽ፣ አንቺ ያላየሽውን ሰው። ውኃ ስጪኝ እስቲ።

እና አደርኩ። ቆላ አደርኩ። ወዴት እሄዳለሁ? ወንዙ ሞልቷል። እዚያው እትዬ ስንዱ ቤት፣ ቁርበቷ ላይ፣ ኩታዋን ደርባብኝ። የይፋግ ሰዎች፣ እግዜር ነፍሳቸውን ይማር፣ ወንዙን ተከትለው ፈለጉት። ውኃው ሲሸሽ ታች ሜዳው ላይ አገኙት፣ ጭቃ ውስጥ። ሬሳው ወደ ጉና እስኪወጣ የሚቆይ አልነበረም፣ እዚያው ባለችው ቤተ ክርስቲያን ቀበሩት። አንዲት ሌሊት ቆላ አላድርም ያለው ሰው እስከ ዛሬ እዚያው ነው ያለው። እንግዲህ ይህን ምን ትሉታላችሁ? እኔ ስም አላገኘሁለትም።

የባሰውን ልንገራችሁ። ወንዙ ጎደለ፣ ተሻግሬ ወደዚህ ወጣሁ። በቅሎዋ መንገዱን ታውቀዋለች፣ ብቻዋን ቀድማኝ መጥታለች። ጎረቤቶቻችንም «ፈንቴ ጨው እጠብቃለሁ ብሎ ቀረ» ብለው ለአማቴ ነግረዋቸዋል። እና እሳቸው ተጉና ወርደው ዋርካው ሥር፣ እዚያ ጋ፣ ያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ በትራቸውን ይዘው። ያለውን ሰው ሁሉ እየተቆጡ፣ «ቆላ አደረ! ምሎልኝ፣ የአባቱን አጥንት ጠርቶ ምሎልኝ፣ አደረ! ይምጣ ብቻ፣ ይምጣ፣ ያየኛል!» እያሉ። በቅሎዋ ባዶዋን ስትመጣ አይተዋል። ባዶው ጆንያ ደርቆ ጨዉ ነጭ ሆኖ ኮርቻው ላይ ተጋግሯል፣ እሱንም አይተዋል። ሰዎቹ ገብቷቸው አንገታቸውን ደፍተዋል። እሳቸው ግን «በቅሎዋን ለቆ እሱ ጠላ ቤት ተኝቷል፣ ሲመጣ ያየኛል» ይላሉ። ቁጣቸውን አጠንክረው ይዘውታል። ቁጣው ተለቀቃቸው ምን እንደሚከተል ያውቁታላ።

እኔ ብቅ አልኩ። ብቻዬን። ተነሡ። «አደረ አይደል?» አሉኝ። «ንገሪኝ እንጂ! ቆላ አደረ አይደል? ውሸታም!» አሉ። እኔ ምነው አድሮ በነበረ፣ ምነው አዎ እማማ አደረ ለማለት በበቃሁ፣ እላለሁ በሆዴ። ነጠላዬን አዩት፣ ዘቅዝቄዋለሁ። በትራቸው ወደቀ።

ታዲያ ጉና ገብቼ ትንሽ ሰንበት ብሎ ንዳዱ ያዘኝ። ያዘኝ፣ አልዋሽም፣ እንደተባለው ያዘኝ። አንቀጠቀጠኝ፣ ባና ላይ ባና ደረቡልኝ፣ ሰው ሁሉ ልትሞት ነው አለ። ተደብረ ታቦር ክኒን አመጡልኝ፣ ዋጥኩ፣ ተኛሁ፣ ተነሣሁ። እናትሽም ተወለደች። ይኸው ተቀምጬ አወራችኋለሁ። ንዳድ የያዘው ይሞታል፣ ይድናልም፤ ክኒን አለ፣ ጸበል አለ፣ የሚያስታምም አለ። ደራሽ የያዘውን ግን ማን ያስታምመዋል?

ለዐርባው ምን ሆነ መሰላችሁ። ቀሳውስቱ ፍትሐቱን ጨርሰው፣ ሰዉ እየበላ፣ ተታች አንዲት ሴት አህያ እየነዳች መጣች። እትዬ ስንዱ! በርበሬ ጭና፣ ለዝክሩ ብላ፣ ያን ሁሉ ዳገት። ቀጭን ነጠላ ለብሳ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። «አገራችሁ ምን አገር ነው?» አለችኝ። ሰዉ «አሁን ትመለስ፣ ሳይመሽ ዋርካው ትድረስ፣ ቆለኛ ደጋ አይችልም» አለ። እሷ «አድራለሁ» አለች። «ደረትሽን ይይዝሻል!» «ይያዘኛ። እሷ እኔ ቤት አድራ የለም?» አለች ወደ እኔ እያሳየች። እና አደረች፣ ተኔ ጋር አንድ ባና ደርበን።

ጠዋት ተነሣች፣ ደህና ናት። አማቴ ተዚያ ተዋርካው ቀን ጀምሮ አንዲት ቃል አልተናገሩም፣ እንባም አላወጡም፣ እንደ ድንጋይ ነበሩ። እሷን አዩአት። «ደረትሽን አላመመሽም?» አሏት። «ምንም አልሆንኩ እማማ።» «ሌሊት አልበረደሽም?» «በርዶኛል፣ ግን ይታደራል።» አማቴ ተዚያ «ይቻል ኖሯል» አሉ። «ማደር ይቻል ኖሯል!» ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። እንዲያ ሲለቀስ ዳግመኛ አልሰማሁም፣ እንድሰማም አልፈልግም። ተዚያ ወዲያ ማንንም ተቆጥተው አያውቁም። ገንቦ ብትሰብሪባቸው ዝም ነው፣ ከብት እህል ውስጥ ቢገባ ዝም ነው። ያ ሁሉ እሳት አንድ ቀን ላይ ጠፋ። በእውነቱ በዚያች ጠዋት ነው የሞቱት፣ የተቀበሩት ግን ኋላ ነው።

ኋላ እኔ ጉናን ትቼ እዚህ ዋርካው ሥር ቤት ሠራሁ። የጉና ሴቶች ሲወርዱ እትዬ ስንዱ ዘንድ ያድራሉ፣ ወንዙ እስኪጎድል ይጠብቃሉ፣ ደህና ዋጋ እስኪያገኙም ይጠብቃሉ፤ የእነሱም ሰዎች ሲወጡ እኔ ዘንድ ያድሩና ሲነጋ ጉና ድረስ ይዘልቃሉ። ሳይጣደፉ። ንግዱ ያን ጊዜ ነው ያበበው፣ ዋርካውም ያን ጊዜ ነው ሰው የጠገበው። ብዙ ሰው ግን እንደ እናትህ ነው ዳኘው፣ ያቺን ነገር አልለቀቃትም፣ ቆላ አይታደርም። ተዚያ አስፋልቱ መጣ፣ በወዲያ በኩል አለፈ፣ መኪና የት አድሬ ይላል? ሰዉም ጭነቱም ወደዚያ ሄደ። ኮርቻ ሰፊው ሄደ፣ ጠላ ሻጯ ሄደች፣ እኔ ቀረሁ፣ ቆብ ጫንኩ። ዛሬ ደግሞ አስፋልቱ ሲዘጋ ይኸው ሰው በቅሎ እየጎተተ ወደ እኔ መጣ። ደስ ይለኝ ይመስላችኋል? አይለኝም። በቅሎው ተመለሰ፣ መሻገሪያው ተመለሰ፣ ያ ቃልም ተመለሰ። ስትነግረኝ ያስቀመጥኩህ ለዚህ ነው።

እትዬ ስንዱ አርፋለች። ልጇ ግን እዚያው ቤት ውስጥ ናት፣ ጠንክራ ትኖራለች። የዋርካዋ እማሆይ ላኩኝ በላት፣ ሌላ አትጠየቅም። ነገ ጉና ጠቁሮ ታየህ፣ ወይ ውኃው ደፍርሶ ታየህ፣ ጨውህን አራግፍና ግባ፣ ተኛ።

ዳኘው፦ «ባይጠቁርስ? ባይደፈርስስ?»

ባይደፈርስም ተመሸ እደር። ምን ያጣድፍሃል? ብርቱካን፣ ምንድን ነው እሱ የምትፈችው?

ብርቱካን፦ «አጎበር ነው እማሆይ። ለሱቁ ካመጣነው የቀረ። ጭነቱ ላይ ላስርለት።»

አምጪው እስቲ፣ ልየው። ይህች ናት? ይህች ወንፊት የመሰለች? ትንኟን የምትመልሳት ይህች ናት? እንዲህ ቀላል ናት? አዬ። አዬ ፈንቴ። የሰው እናት በአጥንት ታስምላለች፣ ሰው ደራሽ ውስጥ ይገባል፣ ለዚህች ጨርቅ።

ዳኘው፦ «ለእናቴስ ምን ልበላት እማሆይ? ምያለሁ እኮ።»

ማልክ እንጂ አልገደልክ። መሐላውን ለእኔ ተወው፣ ተነፍስ አባትህ ጋር እኔ እጨርሰዋለሁ። ለእናትህ ቆላ አድሬ መጣሁ በላት። ትቆጣህ። ትጩህብህ፣ በትር ታንሣብህ፣ ቁጭ ብለህ ቁጣዋን ቻልላት። አማቴ እኮ የሚቆጡት ሰው አጥተው ነው ያለቁት። ሰማኸኝ?

ዳኘው፦ «እሺ እማሆይ። እንግዲያው ነገ ማታ አትጠብቁኝ።»